የተላጨ ራስ በታሮት ሥዕልና በሃይማኖት ወግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታሮት ሰዎች የሚጫወቱበትና የሚጠነቁሉበት ባለሥዕል መጫወቻ ካርታ ነው። ካርታው ሲታይ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ዘውዱ፣ ሰይፉና ዙፋኑ ላይ ነው። ከዙፋኑ ሥር የተንበረከኩት ሰዎች ለምን እንደተላጩ የሚጠይቅ ግን አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእነዚያ ሰዎች አናት ከካርታው አልፎ ወደ ገዳም፣ ወደ መካ፣ ወደ ሕንድ ቤተ መቅደስ፣ ወደ እኛም ልቅሶ ቤት ይወስደናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። መላጨት በሁሉም ቦታ አንድ ትርጉም አለው የሚሉትን አልቀበልም። ሥዕል ሳይም ሆነ ስለ አንድ ሥርዓት ሳነብ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ምላጩን የያዘው ማን ነው? የወረደው ጸጉርስ የት ገባ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ አለ።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በታሮት ካርታ ላይ የተላጨ ራስ የት ይገኛል?

በደንብ የሚታወቀው 5ኛው ካርታ ላይ ነው። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያለው የራይደር ዌይት ስሚዝ ካርታ በ1909 ለንደን ውስጥ ታተመ። ሐሳቡን ያወጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። ሥዕሎቹን የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። 5ኛው ካርታ ላይ ሃይሮፋንት የተባለው የሃይማኖት አለቃ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ተቀምጧል። ሦስት ደረጃ ያለው አክሊል ደፍቷል። ቀኝ እጁን ለቡራኬ አንሥቷል። በግራው ሦስት አግዳሚ ያለው የመስቀል በትር ይዟል። እግሩ ሥር ሁለት ቁልፎች ተመሳቅለው ተቀምጠዋል።

ከፊቱ ሁለት ሰዎች አሉ። እኛ የምናያቸው ከኋላ ነው። የአናታቸው መሃል ክብ ሆኖ ተላጭቷል። ዙሪያውን ጸጉር ቀርቷል። አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ የድሮ ልጃገረዶችን ጋሜ ይመስላል።

በዕድሜ ቀደም ባለው በፈረንሳዩ የማርሴይ ካርታ ላይም እነዚሁ ሁለት ሰዎች አሉ። እዚያ አለቃው በቀጥታ የሮማው ፖፕ ነው። ከ1450 አካባቢ ጀምሮ በተሣሉት የሚላኖ መኳንንት ካርታዎች ላይ ግን ፖፑ ብቻውን ነው የተቀመጠው። የተላጩት ሰዎች በኋላ የመጡ ናቸው።

ሌላው የፔንታክል፣ ማለትም ኮከብ የተሣለባቸው ክብ ሳንቲሞች ያሉበት ምድብ፣ 3ኛ ካርታ ነው። አንድ ድንጋይ ጠራቢ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አግዳሚ ላይ ቆሞ ይሠራል። አናቱ የተላጨ መነኩሴ ከአጠገቡ ቆሟል።

ለምን መሃል አናታቸው ብቻ ተላጨ?

ሥዕሉ የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ወግ ስለሚከተል ነው። ወጉ ቶንሱራ ይባላል። አንድ ሰው ወደ ክህነት መንገድ ሲገባ ወይም ሲመነኩስ አናቱ ይላጫል። ዙሪያውን የሚቀረው ጸጉር የክርስቶስን የእሾህ አክሊል ያስታውሳል ይላሉ። የጀመረው ሐዋርያው ጴጥሮስ ነው የሚል ትውፊት ስላለ የጴጥሮስ ቶንሱራ ተብሏል።

ግን አንድ ዓይነት ብቻ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል ራስን ሙሉ በሙሉ መላጨት ነበር። ይህ በጳውሎስ ስም ይጠራል። በአየርላንድና በብሪታንያ የነበሩ መነኮሳት ደግሞ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ያለውን የፊት ክፍል ይላጩ ነበር። የሮም ደጋፊዎች ይህንን የሲሞን መሠርይ ነው እያሉ ያጥላሉት ነበር። በሐዋርያት ሥራ ላይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ልግዛ ያለው ሲሞን ማለት ነው። ስድቡ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት።

በ664 በእንግሊዝ አገር ዊትቢ በሚባል ገዳም ጉባኤ ተደረገ። ዋናው ክርክር የፋሲካ ቀን አቆጣጠር ነበር። የአናት ጉዳይም በዚያው ዘመን ከፋሲካው ጋር አብሮ የሚያጨቃጭቅ ነበር። ንጉሥ ኦስዊዩ ለሮም ወገን ፈረደ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የቴዎድሮስ ታሪክ ነው። እንደ ጳውሎስ የጠርሴስ ሰው ነበር። ሮም ውስጥ ሳለ በእንግሊዝ አገር የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ እንዲሆን ተመረጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳዎቹን አጋምሷል። ችግሩ አናቱ ነበር፤ በምሥራቁ ወግ ሙሉ በሙሉ ተላጭቷል። አክሊል የሚመስለውን አቆራረጥ ለማውጣት መጀመሪያ ጸጉር ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ እስኪያድግለት 4 ወር ጠበቀ። በ668 ተሾመ። በቀጣዩ ዓመት ካንተርበሪ ገባ። የተማረ፣ የተከበረ፣ በፖፑ የተመረጠ ሰው ለጸጉሩ ሲል አራት ወር ሙሉ ቁጭ አለ። አቆራረጡ የየትኛው ወገን ነህ ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለነበር ችላ ሊባል አይችልም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ነገር አይምሰላችሁ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደ ክህነት መግቢያ የነበረውን ይህን ሥርዓት ያስቀሩት ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ናቸው። ውሳኔው በነሐሴ 1972 ወጣ፤ ከጥር 1 ቀን 1973 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ከዚያ በፊት ጳጳሱ ጸጉሩን በመቀስ ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርጉለት እጩው ጌታ የርስቴ ዕድል ነው የሚለውን የመዝሙር ቃል አብሮ ይል ነበር። በሕይወት ያሉ አረጋውያን ካህናት ይህን ሥርዓት ራሳቸው አልፈውበታል።

እና በካርታው ላይ የተላጩት ሰዎች ምን ይነግሩናል?

ዌይት ስለ አናታቸው ምንም አላለም። በማብራሪያው ላይ ሁለት የካህን ልብስ የለበሱ አገልጋዮች ተንበርክከዋል ብሎ አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ንባብ ነው፤ ያልተስማማችሁ መከራከር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ቦታቸውን እዩ። ሃይሮፋንቱን የምናየው በእነሱ ራስ ላይ አሻግረን ነው። ካርታውን የያዘ ሰው ከኋላቸው ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ሦስተኛ ደቀ መዝሙር ይሆናል። የሚያስተምረው ራስ በአክሊል ተሸፍኗል። የሚማሩት ራሶች ተራቁተዋል። ሥዕሉ ሥልጣንን የሚያሳየው በዚህ ልዩነት ነው።

ቀጥሎ ልብሳቸውን እዩ። አንደኛው ጽጌረዳ ያለበት ልብስ ለብሷል፤ ሌላኛው ሊሊ የሚባል ነጭ አበባ ያለበት። ካርታ አንባቢዎች ጽጌረዳውን የፍላጎት፣ ሊሊውን የንጽሕና ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ሁለቱ ሰዎች በልብሳቸው ይለያያሉ። በአናታቸው ግን አንድ ናቸው። አንዱ በፍቅር ተስቦ፣ ሌላው በንጹሕ ሐሳብ ተመርቶ ቢመጣም በሩ ላይ የተከፈለው ዋጋ እኩል ነው።

አሁን 15ኛውን ካርታ፣ ዲያብሎስን አውጥታችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። አቀማመጡ ያው ነው። ከላይ ቀኝ እጁን ያነሣ አለቃ አለ፤ ከታች ሁለት ሰዎች አሉ። ስሚዝ ሆን ብላ እንደሳለችው ግልጽ ነው። እዚህ ግን የሁለቱ ሰዎች ጸጉር አልተነካም። ከጸጉራቸው መሃል ቀንድ በቅሏል። አንገታቸው ላይ ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱ ላላ ያለ ስለሆነ ማውለቅ ይቻላል። የ5ኛው ካርታ ሰዎች ከራሳቸው ላይ የሆነ ነገር ሰጥተው ተንበረከኩ። የ15ኛው ሰዎች ምንም አልሰጡም፤ ግን ታስረዋል። ካርታ ሥዕልን ከልቤ የምወደው እንዲህ ዓይነት ነገር ሳገኝበት ነው።

የፔንታክል 3 መነኩሴ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አልተንበረከከም። ከባለሙያው ዝቅ ብሎ ቆሞ ስለ ሥራው ይነጋገራል። ያው የተላጨ አናት ነው፤ ግን እዚህ ሥራ ያዘዘና የሚከታተል ሰው ነው።

ታሮት ከግብፅ ካህናት የመጣ ነው ይባላል። የተላጨው ራስም ከዚያ ነው?

አይደለም። ግን ወሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ደስ ይላል።

በ1781 አንትዋን ኩር ደ ጀብላን የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ታሮት የጥንታዊ ግብፅ ጥበብ የተደበቀበት መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። ፖፑን ከካርታው አውጥቶ የሃይሮፋንቶች አለቃ አደረገው። የዛሬው የ5ኛው ካርታ ስም ከዚያ ይነሣል። በዚያን ጊዜ የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም። ሻምፖሊዮን ምስጢሩን የፈታው በ1822 ነው። ከተነበበ በኋላ ስለ ታሮት አንዲት ቃል አልተገኘችም። ካርታው የተወለደው በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ነው፤ ለጨዋታ።

የግብፅ ካህናት መላጨታቸው ግን እውነት ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ቅማልም ሆነ ሌላ እድፍ እንዳይገኝባቸው በየሁለት ቀኑ መላ ሰውነታቸውን እንደሚላጩ ጽፏል። በመቃብርና በቤተ መቅደስ ግድግዳዎች ላይም ራሳቸውን ተላጭተው ይታያሉ። ለእነሱ ጉዳዩ ንጽሕና ነው፤ አምላክ ፊት የሚቆም ሰው ንጹሕ መሆን አለበት። ስለዚህ ሰዎች 5ኛውን ካርታ አይተው ግብፅን ቢያስቡ አይገርምም። ግን ካርታው ላይ ያሉት አውሮፓዊ መነኮሳት ናቸው። ዌይት ካቶሊክ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ስሚዝም ካርታው ከታተመ በኋላ በ1911 ካቶሊክ ሆናለች።

ታሮት ጥንቆላ አይደለም? ይህን ማንበብስ ችግር የለውም?

በካርታ ዕጣ ፈንታ መጠየቅ በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም የተከለከለ ነው። ዘዳግም 18 ስለ ምዋርትና ስለ ጥንቆላ በግልጽ ይናገራል። ይህ ጽሑፍ ማንንም ካርታ አስነብቡ አይልም። ታሮት ለጥንቆላ በሰፊው የዋለው ከ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቤት መጫወቻ ነበር። በፈረንሳይ ዛሬም ድረስ ሰዎች ታሮትን እንደ ማንኛውም ካርታ ቁጭ ብለው ይጫወቱታል። ሥዕሎቹን የዘመናቸውን ሃይማኖትና ኑሮ እንደሚያሳይ ቅርስ ማየት ይቻላል። እኔ የማያቸው እንደዚያ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ መላጨትን ይደግፋል ወይስ ይከለክላል?

ሁለቱም አለ። ጥያቄው ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለው ነው።

ናዝራዊ፣ ማለትም በስእለት ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው፣ በስእለቱ ዘመን ሁሉ ምላጭ ራሱን አይነካም። ዘኁልቁ 6 ላይ እንደተጻፈው ስእለቱ ሲፈጸም ወደ መገናኛው ድንኳን ደጅ ይመጣል፤ መሥዋዕቱን ያቀርባል፤ እዚያው ይላጫል። የተላጨውን ጸጉር ወስዶ ከደኅንነት መሥዋዕቱ በታች ወዳለው እሳት ይጥለዋል። የጸጉሩ ዕጣ እንዲህ በግልጽ የተነገረበት ሥርዓት ጥቂት ነው። ለወራት የተጠበቀው ነገር ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ከመሥዋዕቱ ጋር ይቃጠላል። ሐዋርያው ጳውሎስም ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን እንደተላጨ በሐዋርያት ሥራ 18 እናነባለን።

ሶምሶንም ናዝራዊ ነበር። የእሱን ጸጉር የላጨው ግን በተኛበት ደሊላ የጠራችው ሰው ነው። እዚያ ምንም የተሰጠ ነገር የለም፤ ተሰረቀ እንጂ። ምላጩን የያዘው ማን ነው ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ከለምጽ የዳነ ሰውም ይላጫል። በዘሌዋውያን 14 ሁለት ጊዜ እንዲላጭ ታዟል። በሰባተኛው ቀን ጢሙም ቅንድቡም አይቀርለትም። እንደገና የተወለደ ያህል ሆኖ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሌዋውያንም ለአገልግሎት ሲለዩ መላ ሰውነታቸውን ይላጩ ነበር።

ኀዘንም አለ። ኢዮብ የልጆቹን ሞት ሲሰማ መጐናጸፊያውን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ። ነገር ግን ሕጉ ለሞተ ሰው ብለው ራሳቸውን እንዳይላጩ ሕዝቡን ከልክሏል፤ ካህናቱን ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ከልክሏል። ሕዝቅኤል 44 ላይ ካህናት አይላጩም፣ ጸጉራቸውንም አያስረዝሙም፤ ይከረከማሉ። መከልከሉ ራሱ ሰዎች ይህን ያደርጉት እንደነበር ያሳያል። ሐዘን ሲበረታ ሰው እጁን ወደ ጸጉሩ ይሰዳል።

ራሰ በራ መሆንና መላጨት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ራሰ በራነት የመጣ ነገር ነው፤ መላጨት የተደረገ ነገር ነው። ዘሌዋውያን 13 ጸጉሩ የረገፈ ሰው ራሰ በራ ነው እንጂ ርኩስ አይደለም ብሎ ገላግሎታል። ካርታ ላይም ዙሪያውን በሥርዓት የተስተካከለ ክብ ካያችሁ ዕድሜ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

በእኛ አገርስ? መነኮሳት ይላጫሉ?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የመነኩሴ ዋና ምልክት ቆቡ ነው። ቀሚስ፣ ቅናት (የወገብ መታጠቂያ)፣ ቆብ፣ አስኬማ (የመጨረሻው የምንኩስና ልብስ) እያለ በደረጃ ይሄዳል። መነኩሴው ለዓለም የሞተ ነውና ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል። በሕይወት ሳለ የተቀበረ ሰው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን መስጠት ይቻላል?

የተላጨ ራስ በግልጽ የምታዩት በእማሆዮች ዘንድ ነው። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ ባሏ የሞተባት እናት ትመነኩሳለች። ዕድሜዋን ሁሉ ሹሩባ ስትሠራው፣ ቅቤ ስትቀባው የኖረችውን ጸጉር ትላጫለች፤ ቆብ ትደፋለች። ማንም በግድ አልላጫትም። ሰፈሩም በዚያው ቀን አጠራሩን ይለውጣል። ትናንት እትዬ እገሌ የነበረች ዛሬ እማሆይ ትባላለች።

ከዚህ ጎን ለጎን ጸጉራቸውን ጨርሶ የማይነኩ ባሕታውያን አሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በሥዕል ስናያቸው መላ አካላቸው በጸጉር ተሸፍኗል። አንዷ ተላጭታ፣ ሌላው ሳይነካው፤ ሁለቱም ያንኑ ዓለም ትተዋል። ለዚህ ነው መላጨት ማለት መመንኮስ ነው ብሎ መደምደም የማያዋጣው።

ልቅሶንም ሳናነሣ አናልፍም። በሰሜኑ ክፍል ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ጸጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ መክረሟ የቆየ ልማድ ነው። ሰው ገበያ ላይ አይቷት ሳይጠይቅ ነፍስ ይማር ይላታል። ጸጉሩ ቀስ እያለ ሲበቅል ኀዘኑም የሚቆጠርበት ጊዜ ያገኛል።

የልጆች ቁንጮና ጋሜም አለ። ሌላው ተላጭቶ ከአናቱ ላይ ጥቂት ጸጉር የሚቀርለት ወንድ ልጅ ድንገት ቢሞት መላእክት በቁንጮው ይዘው ወደ ሰማይ ይስቡታል ይባል ነበር። ልጅ በብዛት በሚሞትበት ዘመን ይህ ለእናት ምን ያህል መጽናኛ እንደነበር መገመት አያቅትም።

በእስልምና መላጨት ምን ቦታ አለው?

ትልቅ ቦታ አለው። ሐጅ ወይም ዑምራ (ትንሹን ሐጅ) የሚያደርግ ሰው ኢሕራም በሚባለው የተቀደሰ የጉዞ ሁኔታ ላይ ሳለ ጸጉሩን አይነካም። ሥርዓቱን ሲጨርስ ወንዱ ይላጫል ወይም ያሳጥራል። ሴቷ ከጫፉ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጣለች። ቁርኣን በሱረቱል ፈትሕ ራሳችሁን ላጭታችሁ፣ አሳጥራችሁም ወደ ተከበረው መስጊድ ትገባላችሁ ይላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለሚላጩት ደጋግመው ምሕረት ለምነው፣ ለሚያሳጥሩት በመጨረሻ እንደጨመሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ሁለቱም ይፈቀዳል፤ መላጨቱ ግን ይበልጣል።

መካ ውስጥ ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ ደጅ ወጣ ሲባል ጸጉር ቤቶች ተደርድረዋል። በሳፋና መርዋ ኮረብቶች መካከል መመላለሱን የጨረሰ ሰው በቀጥታ እዚያ ይገባል። ከሳዑዲም ከዱባይም ሄደው ዑምራ አድርገው የሚመለሱ ልጆቻችንን በፎቶ ስናይ ራሳቸው ማብለጭለጩ ለዚህ ነው። ወዝ አደሩም ባለሀብቱም ከዚያ የሚወጡት በአንድ ዓይነት ራስ ነው።

ሌላው ዐቂቃ ነው። ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ራሱ ይላጫል። ጸጉሩ ይመዘናል፤ በክብደቱ ልክ ብር፣ ማዕድኑ ማለት ነው፣ ለድኻ ይሰጣል። የሕፃን ጸጉር ምን ይመዝናል ትሉ ይሆናል። ጥቂት ነው። ግን የልጁ የመጀመሪያ ጸጉር የሌላ ሰው እንጀራ ሆነ። ጸጉሩ የት ገባ ለሚለው ጥያቄ እኔ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ ይህ በጣም ይነካኛል።

የቡድሃ መነኮሳት ለምን ሙሉ በሙሉ ይላጫሉ?

ሲድሃርታ፣ በኋላ ቡድሃ የተባለው፣ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ሲወጣ ጸጉሩን በሰይፍ ቆረጠ ይላል ታሪካቸው። መነኮሳቱም እሱን ይከተላሉ። በደንባቸው ጸጉር ከሁለት ጣት በላይ መርዘም ወይም ከሁለት ወር በላይ ሳይላጭ መቆየት የለበትም። በታይላንድ ቅንድብም ይላጫል። ወላጆችና ዘመዶች ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣሉ፤ ጸጉሩን በሎተስ ቅጠል ይቀበሉታል።

ከሥርዓቱ ውስጥ ልብ የምለው አንድ ነገር አለ። አዲሱ መነኩሴ የራስ ጸጉር፣ የሰውነት ጸጉር፣ ጥፍር፣ ጥርስ፣ ቆዳ የሚሉ አምስት ነገሮችን እንዲያስብ ይነገረዋል። አንድን ሰው ስናይ መጀመሪያ የምናያቸው እነዚህን ነው። የምንወደውም የምንንቀውም በእነሱ ነው። አሁን ከእጁ ላይ ወድቆ ያየውን ጸጉር እንደ መጀመሪያ ትምህርት ይወስዳል። ጄይን የተባለው የሕንድ ሃይማኖት መነኮሳት ምላጭ እንኳ አይጠቀሙም፤ ጸጉራቸውን በእጃቸው ይነጫሉ።

በሕንድ ቤተ መቅደስ ሰዎች ጸጉራቸውን ይሰጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በደቡብ ሕንድ በቲሩፓቲ የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን ይላጫሉ። ስእለታቸው የደረሰላቸው ቤተሰቦች ልጅ አዋቂ ሳይሉ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ጸጉሩ ተሰብስቦ በርዝመቱ ይለያል፤ ከዚያ በጨረታ ይሸጣል። ገቢው ለቤተ መቅደሱ ይውላል፤ ጸጉሩ ዊግ ሆኖ ዓለምን ይዞራል።

በ2004 ይህ ጉዳይ ያልታሰበ ቦታ ፈነዳ። ጥብቅ ኦርቶዶክስ አይሁድ ሴቶች ካገቡ በኋላ ጸጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ ብዙዎቹም በዊግ። እስራኤል ውስጥ ያሉ ታላቅ ረቢ (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ከሕንዱ ቤተ መቅደስ የመጣው የዊግ ጸጉር ለጣዖት የቀረበ ስለሆነ መጠቀም አይፈቀድም ብለው ወሰኑ። በኢየሩሳሌምና በኒውዮርክ ብሩክሊን ሴቶች ውድ ዊጋቸውን መንገድ ላይ አውጥተው አቃጠሉ። ለእነሱ ያ ጸጉር ባሕር ተሻግሮም፣ ታጥቦም፣ ተሸጦም አሁንም መሥዋዕት ነበር። አንድ ጊዜ የተሰጠ ነገር የተሰጠበትን አምላክ ስም ይዞ ይዞራል ብለው ማመናቸው ነው።

መላጨት ውርደት የሚሆነው መቼ ነው?

ምላጩ በሌላ ሰው እጅ ሲሆንና ሰውየው እሺ ሳይል ሲቀር። በ1944 ፈረንሳይ ከጀርመን ነፃ ስትወጣ ከወራሪው ጋር ወዳጅነት ነበራቸው የተባሉ ሴቶች አደባባይ ላይ ተላጭተው በከተማ ተዘዋውረዋል። እስረኛንና ባሪያን መላጨትም በብዙ አገር የኖረ ነው። ለሲክ ሃይማኖት ተከታይ ደግሞ ያልተቆረጠ ጸጉር የእምነቱ ምልክት ስለሆነ በግድ መላጨት እምነቱን እንደ መንጠቅ ነው።

ሥዕል ላይ ይህን ለመለየት አንገትንና እጅን ማየት ይረዳል። የ5ኛው ካርታ ሰዎች እጅ አልታሰረም።

የተላጨች ሴት በታሮት ካርታ ላይ አለች?

በራይደር ዌይት ስሚዝ ካርታ ላይ በግልጽ የተላጨች ሴት የለችም። ኮከብ የሚባለው ካርታ ላይ ያለችውም፣ አንበሳውን የያዘችውም፣ ንግሥቲቱም ጸጉራቸው ለቀቅ ብሎ ይታያል። እኔ ይህ ቅር ይለኛል። ምክንያቱም ካርታው ከተወሰደበት ከዚያው ዓለም የሚመጥን ታሪክ አለ።

በ1212 በጣሊያኗ አሲዚ ክላራ የምትባል የመኳንንት ልጅ በሆሳዕና ምሽት ከቤቷ በድብቅ ወጣች። የፍራንሲስካውያን መነኮሳት ማኅበር መሥራች ፍራንቸስኮስና ወንድሞቹ ከከተማ ውጭ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቋት ነበር። ጸጉሯን እሱ ራሱ ቆረጠው። ከዚያ ወደ አንድ የሴቶች ገዳም ወሰዷት። ዘመዶቿ ደረሱባት። ለመኑ፣ ቃል ገቡ፣ አስፈራሩ። እሷ የመሠዊያውን ልብስ በአንድ እጇ ጨብጣ ሻሿን ገለጠች፤ የተቆረጠውን ራሷን አሳየቻቸው። ጋብቻዋን ሊያስተካክሉ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ለጥቂት ቀናት ከሞከሩ በኋላ ትተዋት ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ እኅቷ አግነስ ተከተለቻት፤ የእሷንም ጸጉር ፍራንቸስኮስ ቆረጠው።